አራት ፕሮፖዛል፣ አንድ ቦታ፦ የእንግሊዝኛ ማስተማር ጥናቶችን እንዴት እናወዳድር?

የማስተርስ ተማሪዎች ፕሮፖዛል የሚያስገቡበት ሳምንት ሲደርስ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይከመራል። አብዛኛው ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው፤ እኛ በአጭሩ ቴፍል የምንለው። ብዙ ጊዜ የሚጠበቅብኝ «ይለፍ» ወይም «ይታረም» ማለት ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለአነስተኛ የምርምር ድጋፍ አንድ ቦታ ይኖርና አራት ሰው ያመለክታል። ወይም አንድ ተማሪ ሦስት ሐሳብ ይዞ ይመጣና «መምህር፣ የትኛውን ልሥራ?» ይለኛል።

ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው። ገምጋሚ ሆኖ ለተቀመጠውም፣ ለራሱ ለሚመርጠውም።

ለማነጻጸር እንዲመቸን አራት ፕሮፖዛሎችን አዘጋጅቻለሁ። የማንም ሰው ሥራ አይደሉም። ቴፍል የተማረ ሰው ግን ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው የመጠይቅ ጥናት ነው። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህራን ስለ ተግባቦታዊ የማስተማር ዘዴ (ቋንቋን በመነጋገርና በመጠቀም ማስተማር) ያላቸውን አመለካከትና አተገባበር ይጠይቃል። ሁለተኛው ሙከራ ነው። ሁለት የ10ኛ ክፍል ሴክሽኖችን ይወስዳል፤ አንዱ ለ12 ሳምንት ቀላል የታሪክ መጻሕፍት ያነባል፣ ሌላው እንደ ወትሮው ይማራል፤ በመጨረሻ የቃላት እውቀታቸው ይነጻጸራል። ሦስተኛው ምልከታ ነው። በ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ወደ አማርኛ የሚዞረው መቼና ለምን እንደሆነ ያያል። አራተኛው የተግባር ምርምር ነው። አንዲት መምህርት በራሷ ክፍል ተማሪዎች አንዱ የሌላውን አንቀጽ እንዲያርም አድርጋ ለውጡን ትከታተላለች።

የትኛው ይሻላል?

ውጤቱን ገልብጡት

እኔ መጀመሪያ የማደርገው ርእሱን ማየት አይደለም። የጥናቱን ጥያቄ አነባለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ውጤቱን በሁለት መንገድ አስባለሁ። አንዴ ተመራማሪው እንደጠበቀው፣ አንዴ ደግሞ ተገልብጦ። በሁለቱም ጊዜ የጥናቱ ምክር አንድ ዓይነት ከሆነ ያ ፕሮፖዛል ገና አልበሰለም።

የመጠይቁን ጥናት በዚህ እንየው። መምህራኑ ስለ ዘዴው ጥሩ አመለካከት አላቸው ቢል ምክሩ ምን ይሆናል? «ሥልጠና ይሰጣቸው፣ የተማሪ ቁጥር ይቀነስ፣ መርጃ መሣሪያ ይሟላ።» ጥሩ አመለካከት የላቸውም ቢልስ? ያው ነው። ሥልጠና፣ የተማሪ ቁጥር፣ መርጃ መሣሪያ። ታዲያ 40 መምህር መጠይቅ የሞላው ለምንድን ነው? ምክሩ እኮ ከጥናቱ በፊት ተጽፎ አልቋል።

ምልከታውን እንየው። መምህራኑ አማርኛን በብዛት የሚጠቀሙት ሰዋስው ለማስረዳት ከሆነ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። ለመመሪያና ክፍሉን ዝም ለማሰኘት ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ መመሪያን በቀላል እንግሊዝኛ መስጠት በአጭር ጊዜ የሚለመድ ነገር ነውና። እዚህ ላይ ውጤቱ ምክሩን ይለውጠዋል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የስታቲስቲክስ ቀመር ይበልጣል።

መግቢያው አያታልላችሁ

መግቢያ ሁሌም ያምራል። ሀገራችንን በተመለከተ ደግሞ የሚጻፍ አይጠፋም። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሌሎቹ ትምህርቶች ራሳቸው በእንግሊዝኛ ይሆናሉ፤ በአንዳንድ አካባቢዎችም ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀመራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጡ ፕሮፖዛሎች ላይ ሌላም ቁጥር አይጠፋም። በዚያ ዓመት በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው።

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ያማልም። ግን ከ3.3 በመቶ ተነስቶ «ስለዚህ የንባብ ስልትን አጠናለሁ» ላይ የሚዘል ፕሮፖዛል መሃሉን አልሞላውም። ያ ፈተና ሒሳብም ፊዚክስም አለው። ተማሪው የወደቀው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ስላልገባው ነው ወይስ ትምህርቱን ስላላወቀው? ይህን የጠየቀ ሰው ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር። መግቢያው ላይ ትልቅ ችግር፣ ጥያቄው ላይ ትንሽ ጉዳይ፣ በመሃል ድልድይ የለም፤ ይህን ስታዩ እርሳሳችሁን አንሱ።

ሌላው የሚያታልል ነገር «ሁለተኛ ቋንቋ» የሚለው ስም ነው። ካናዳ ወይም አሜሪካ የተሠራ ጥናት ላይ ያለው ተማሪ ከክፍል ሲወጣ በእንግሊዝኛ ዳቦ ይገዛል፣ በእንግሊዝኛ ይጫወታል፣ በእንግሊዝኛ ይሰደባል። ደብረ ማርቆስ ወይም ወላይታ ሶዶ ያለ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ እንግሊዝኛውም እዚያው ይቀራል። ሆኖም ባዮሎጂውን የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ እንግሊዝኛ መንገድ ላይ የውጭ ቋንቋ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ የትምህርት ቋንቋ ነው። ይህን ልዩነት ሳያነሳ የውጭውን ጥናት እንዳለ ገልብጦ «እዚህም ልሞክረው» የሚል ፕሮፖዛል ሲገጥማችሁ ጋፑ (ጥናቱ እሞላዋለሁ የሚለው ክፍተት) ቦታ ብቻ መሆኑን እወቁ። «ይህ ጥናት በእኛ ወረዳ አልተሠራም» ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

መጠይቅ፦ ቀላሉ መንገድ

መጠይቅ የሚወደደው ስለሚያልቅ ነው። በሁለት ሳምንት ተበትኖ ይሰበሰባል። ተማሪው ቤተሰብና ሥራ ካለው ይህን አልንቅም።

ግን ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ የናሙናው ቁጥር ከየት መጣ? ብዙዎች በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣውን የክሬጅሲና ሞርጋን የናሙና ሠንጠረዥ ይጠቅሳሉ። ሠንጠረዡ ለ1000 ሰው 278፣ ለ500 ሰው 217 ይላል። ለ40 ሰው ደግሞ 36። አንድ ከተማ ውስጥ ያሉት የእንግሊዝኛ መምህራን 40 ከሆኑ አራቱን ለመተው ዕጣ ማውጣት ምን ያደርጋል? ሁሉንም መጠየቅ ነው። ሠንጠረዡን ሳያስቡ የገለበጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይታወቃሉ።

ሁለተኛ፣ የክሮንባክ አልፋ የሚባለው መለኪያ 0.70 ማለፉን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። እሱ የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መሄዳቸውን ነው። መላሹ እውነቱን መናገሩን አይነግረንም። ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው፦ «በክፍሌ የቡድን ውይይት አዘወትራለሁ» በሚለው ላይ «በጣም እስማማለሁ» ያለ መምህር ክፍል ገብታችሁ ስታዩት 35 ደቂቃ ሙሉ ብቻውን ሊያወራ ይችላል። ውሸታም ሆኖ አይደለም። የሚያምንበትን ነው የሞላው። ስለዚህ «አተገባበር» የሚል ቃል ርእሱ ላይ ካለ ምልከታ የግድ ነው። ከሌለ ቃሉ ይውጣ።

ሙከራው፦ የሚያምረውና የሚሰበረው

ገምጋሚዎች ሙከራ እንወዳለን። የሙከራ ቡድን፣ የቁጥጥር ቡድን፣ ቅድመ ፈተና፣ ድህረ ፈተና፤ ሳይንስ ሳይንስ ይሸታል። የንባቡ ሐሳብ ራሱ መሠረት አለው። በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ላይ የፊጂ ገጠር ትምህርት ቤቶች ልጆች ወደ 250 የሚሆኑ ማራኪ የታሪክ መጻሕፍት ቀርበውላቸው በእንግሊዝኛ ከሌሎቹ በግልጽ በልጠው ታይተዋል። እንደኛው ልጆች እነሱም እንግሊዝኛን የሚያገኙት በዋናነት ትምህርት ቤት ነበር። ስለዚህ ተማሪው ይህን ቢያነሳ ልክ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በየቡድኑ ስንት ተማሪ አለ? በሁለት ቡድን መካከል መካከለኛ የሚባለውን፣ ማለትም የ0.5 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ልዩነትን በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ባለ 60 ተማሪ ሁለት ሴክሽን እዚያው አካባቢ ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ተማሪዎቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ ሴክሽኖቹ የተገኙት እንዳሉ ነው። አንዱ ሴክሽን ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት የሚማር ከሆነስ? አንዱን ጎበዝ መምህር፣ ሌላውን የደከመው ቢያስተምረውስ? ያገኘነው ልዩነት የመጻሕፍቱ ነው ወይስ የመምህሩ?

የጊዜው ነገር ከዚህም ይብሳል። የሙከራ ቡድኑ በሳምንት 40 ደቂቃ ተጨማሪ ካነበበና የቁጥጥር ቡድኑ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ኳስ ከተጫወተ የተለካው ዘዴ አይደለም፤ ሰዓት ነው። ተጨማሪ ሰዓት እንደሚጠቅም ደግሞ ያለ ጥናትም እናውቃለን። ጎበዝ ፕሮፖዛል የቁጥጥር ቡድኑም በዚያው 40 ደቂቃ ምን እንደሚሠራ ይጽፋል።

ከዚያ ፈተናው። የቃላት ፈተናውን ማን ያወጣል? ቃላቱ ከታሪክ መጻሕፍቱ ከተወሰዱ የቁጥጥር ቡድኑ ገና ሳይፈተን ተሸንፏል። ይህን ስህተት ከቆጠርኩት በላይ አይቻለሁ። ሁለቱ ሴክሽኖች አንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸውንም አትርሱ። ጥሩ የታሪክ መጽሐፍ በእረፍት ሰዓት ከ10ኛ «ሀ» ወደ 10ኛ «ለ» መሻገሩ አይቀርም። እንደ አስተማሪ ደስ ይለኛል። ሙከራው ግን ያልቅለታል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል መርጬ ተጸጽቻለሁ። አሠራሩ ንጹሕ ነበር፤ ቀመሩ ሁሉ በቦታው። ከእሱ ጋር የተወዳደረው ቀላል የክፍል ምልከታ ነበር፤ «ተራ ነው» ብለን አለፍነው። የሙከራው ትምህርት ቤት ግን መስከረም ላይ ተመዝግቦ የነበረውን ተማሪ ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንደገና ደልድሎ ሴክሽኖቹን ቀላቀላቸው። የሙከራና የቁጥጥር ተማሪ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተማሪያችን አለቀሰ። ጥፋቱ የእሱ አይመስለኝም። የትምህርት ቤቱን ካላንደር ሳንጠይቅ ያሳለፍነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ሙከራ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ርእሰ መምህሩን አነጋግረሃል? ድልድሉ መቼ ይጸናል? የሴሚስተር ፈተናው መቼ ነው? 12ቱ ሳምንት በእውነት 12 ነው?

ታዲያ ሙከራ መቼ ይመረጥ? ተማሪው እዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ከሆነ፣ ሁለቱንም ሴክሽን ራሱ ወይም አንድ መምህር ከያዘ፣ መጻሕፍቱ አሁን በእጁ ካሉ። «መጻሕፍቱን ከድጋፉ ገንዘብ እገዛለሁ» የሚል ከሆነ ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ወር ጠይቁት።

ምልከታው፦ ትንሽ የሚመስለው

ብዙ ጊዜ የሚጣለው ይህ ነው። «ሦስት መምህር ብቻ? እንዴት አጠቃላይ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል?» ይባላል። ግን ይህ ጥናት ስለ ኢትዮጵያ መምህራን ሁሉ ልናገር አላለም። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ ነው ያለው። በናሙና ብዛት መመዘን አሣን ዛፍ ላይ አልወጣም ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

ይህን ማለቴ ምልከታ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ሒሳቡን ሥሩት። ሦስት መምህር፣ ለእያንዳንዱ ስምንት ፔሬድ፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ። 960 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ሰዓት ድምፅ ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ በጽሑፍ ለመገልበጥ ስድስት ሰዓት ቢፈጅ 96 ሰዓት ይሆናል። በጫጫታ ክፍል፣ በሁለት ቋንቋ፣ ኋላ ወንበር ያለው ተማሪ ድምፅ ሳይሰማ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የጊዜ ሰሌዳው ላይ «መረጃ ትንተና፦ ሁለት ሳምንት» ካለ ተማሪው ገና አልሞከረውም። አንድ ፔሬድ ቀድቶ፣ ገልብጦ እንዲያመጣ ንገሩት። ይህ ከየትኛውም ፓይለት (ቅድመ ሙከራ) ይበልጥ ያስተምረዋል።

የቃላቱን ምርጫም እዩ። «የአማርኛ መጠቀም ችግርና መፍትሔው» የሚል ርእስ ሳያይ ፈርዷል። ምናልባት ያ መምህር አማርኛውን ባይጠቀም ግማሹ ክፍል ጭራሽ አይከተለውም ነበር። በሌላ በኩል «የአፍ መፍቻ ቋንቋ አጠቃቀም» የሚልም አለ፤ ይህ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ያለ ክፍል ውስጥ ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ጉራጊኛ የሚናገር፣ ትግርኛ የሚናገር ልጅ አለ። ለእነዚህ ልጆች አማርኛ የአፍ መፍቻ አይደለም። መምህሩ «ለማቅለል» ወደ አማርኛ ሲዞር ለማን ነው ያቀለለው? ይህን ጥያቄ ያነሳ ተማሪ ከመጣ እኔ እጄን አወጣለታለሁ።

ሌላ ማየት ያለባችሁ፣ መምህራን ሰው ሲያያቸው ይለወጣሉ። ድሮም በኢንስፔክተር ፊት አማርኛ አይወራም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፔሬዶች ለመላመጃ ብቻ እጠቀማለሁ የሚል ተማሪ ነገሩን ያውቀዋል። ተማሪዎቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ ድምፃቸው ሲቀዳ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አለኝ» አይበቃም።

የተግባር ምርምሩ፦ ለክረምት ተማሪዎች

በክረምት የሚማሩ መምህራን አሉን። ሐምሌና ነሐሴ ግቢ ይመጣሉ፣ መስከረም ላይ ወደየትምህርት ቤታቸው ይመለሳሉ። ለእነሱ ይህ ዓይነቱ ጥናት የተሰፋ ልብስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ክፍሉ አላቸው። ፈቃድ ፍለጋ አይንከራተቱም።

የመምህርቷን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ከራሷ ድካም የመጣ ነው። 60 ተማሪ አንድ አንድ አንቀጽ ቢጽፍና ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ብትሰጥ አምስት ሰዓት ነው። ለአንድ ሴክሽን ብቻ። አራት ሴክሽን ካላት 20 ሰዓት። የትኛዋም መምህርት በየሳምንቱ አትችለውም። የሰዋስው እርማት ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ራሱ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመስኩ ውስጥ ጦፎ ቆይቷል። ትራስኮት የሚባል ተመራማሪ «እርማቱ ይቅር» ብሎ ተነሳ፤ ሌላዋ ተመራማሪ ፌሪስ በ1999 መለሰችለት። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲተራረሙ ምን ያያሉ፣ ምን ያመልጣቸዋል የሚለው ለእኛ ትልልቅ ክፍሎች የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

ድክመቱ የሚታወቅ ነው። ፈታኟም፣ አራሚዋም፣ ተመራማሪዋም እሷ ናት። ስለዚህ ቢያንስ የጥቂት ተማሪዎችን ጽሑፍ ሌላ መምህር የማን እንደሆነ ሳያውቅ እንዲያርም ካላደረገች አላሳልፍም። አንድ ዙር ብቻ ካላትም ወደ ሁለት ከፍ ታድርገው። የመጀመሪያው ዙር ስህተት በሁለተኛው ካልታረመ የተግባር ምርምር መባሉ ስሙ ብቻ ነው።

እኔ ብሆን

ገንዘብ ለሌለውና አንድ ዓመት ላለው የመደበኛ ተማሪ ምልከታውን እመርጣለሁ። ለክረምት ተማሪ የተግባር ምርምሩን። ለእኔ ሁለቱ በጣም አይራራቁም፤ ሁለቱም ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ሙከራውን የምመርጠው ከላይ ያልኳቸው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው። መጠይቁን ለብቻው አልመርጥም። ሁለትና ሦስት ክፍል ገብቶ የሚያይበት ክፍል ከጨመረ ግን ከሙከራው አስቀድመዋለሁ።

ብዙ ተቋማት የነጥብ ቅጽ አላቸው። ለርእስ ይህን ያህል፣ ለመግቢያ ይህን ያህል፣ ለአሠራር ይህን ያህል። ቅጹን ሙሉት፤ ግን ከድምሩ በፊት ጥያቄው፣ መሣሪያውና የጊዜ ሰሌዳው ይገጣጠሙ እንደሆነ እዩ። ጥያቄው «ለምን» ብሎ መሣሪያው «ስንት» የሚቆጥር ከሆነ ሌላው ቦታ ላይ የሰበሰበው ነጥብ አያድነውም። በሁለት ነጥብ ልዩነት አንዱን መጣልም ልክ አይመስለኝም። ቁጥሩ ያን ያህል ትክክል አይደለም።

ሁለት ፕሮፖዛል እኩል ሲሆኑብኝ ተማሪዎቹን እጠራለሁ። ወረቀቱን አስቀምጠው በአማርኛ፣ ወይም በሚቀናቸው ቋንቋ፣ አምስት ደቂቃ እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ። ዛሬ የሚያምር እንግሊዝኛ በስልክም ይገኛል። ጥያቄው ግን የራስ ካልሆነ በራስ ቋንቋ አይወጣም። አምና አንዱ «ኮድ ስዊቺንግ» (ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መዞር) የሚለውን ቃል ሦስት ገጽ ሙሉ ሲደጋግም ምን እንደፈለገ አልገባኝም ነበር። ጠርቼ ጠየቅኩት። «መምህር፣ እኔ ራሴ 9ኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን በአማርኛ ሲያስረዱ ሁሉም ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን ቀልዱ አይገባኝም፤ ገጠር ነው ያደግኩት፣ አማርኛ አልችልም ነበር» አለኝ። ይህንኑ ጻፈው አልኩት። በማግስቱ ሦስቱን ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ አሳጥሮ፣ ይህን ታሪክ የጥናቱ መነሻ አድርጎ አመጣልኝ። ቦታውን የሰጠነው ለእሱ ነው።